በሕዋስ ውስጥ ያለ ስንቅ፤ ጎተራውና ቁልፉ

ሠራዊት ያለ ስንቅ እንደማይዘምት ለወታደርም ሆነ ለወታደር ቤተሰብ የሚነገር አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን የክተት ነጋሪት በተጎሰመ ጊዜ ባልየው ጦሩንና ጋሻውን ሲወለውል ባለቤቲቱ ደግሞ ገብሱን ቆልታ በሶ ትፈጫለች፤ እንጀራውን ድርቆሽ ታደርጋለች፤ ቆሎውን በአቁማዳ ትቋጥራለች። ከዚያም አልፋ፣ ዘማቹ ከሄደ በኋላ ቤት የሚቀሩት ልጆች የሚበሉት እህል በጎተራ መኖሩን ታረጋግጣለች። እንግዲህ ስንቁ ሁለት ነበር ማለት ነው፤ አንዱ ዘማቹ ተሸክሞት የሚሄደውና ለራሱ የሚበላው፣ ሁለተኛው በጎተራ ተከማችቶ ቤተሰቡ ሁሉ የሚተዳደርበት።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ሳምንት በቤተሰብ ዓምዳችን የምናቀርበው ጉዳይ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የእያንዳንዳችን ሰውነት ይህንኑ ሥርዓት ይከተላል። ጡንቻ የግል አቁማዳ አለው፤ ጉበት ደግሞ የቤተሰቡ ሁሉ ጎተራ ነው። በሁለቱም ውስጥ የተከማቸው ስንቅ ግላይኮጅን ይባላል።

እንዲህ ያለው ዕውቀት ለሐኪሞች ቢተው ይሻላል የሚል አስተያየት ሊኖር ይችላል። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። ዳገት ላይ ጉልበቱ የከዳውን ወታደር፣ ሊነጋጋ ሲል የሚንዘፈዘፈውን ሕፃን፣ የስኳር ሕመም ኖሮበት ሳይበላ የዋለውን አባት ሁኔታ ለመረዳት የዚህን ስንቅ አኗኗርና አወጣጥ ማወቅ ይጠቅማል። ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቅመው «አልችልም» የሚለውን ሰው «አልፈልግም» ከሚለው ለመለየት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር

እንጀራም ሆነ ዳቦ፣ ድንችም ሆነ ቆሎ ከተበላ በኋላ በአንጀት ውስጥ ተሰባብሮ በአብዛኛው ግሉኮስ ወደሚባለው የስኳር ዓይነት ይለወጥና ወደ ደም ይገባል። አንድ ጤናማ ጎልማሳ ሳይበላ አድሮ ሲነሣ በደሙ ውስጥ የሚገኘው ግሉኮስ በጠቅላላው ከ4 እስከ 5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ብቻ ነው። በሌላ በኩል አንጎል ብቻውን በቀን 120 ግራም ያህል ግሉኮስ ይፈጃል። ይህ በሰዓት ሲሰላ 5 ግራም ይሆናል። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው ስኳር የሚተካው ባይኖር አንጎልን እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ አያቆይም። ሰው ግን ማታ በ2 ሰዓት ራቱን በልቶ፣ ተኝቶ፣ ጠዋት በ1 ሰዓት በጤና ይነሣል። ሌሊቱን ሙሉ አንጎሉን የመገበው ጉበቱ ነው።

በሚገባ የበላ ጎልማሳ በጉበቱ 100 ግራም፣ በጡንቻዎቹ ሁሉ ደግሞ በድምሩ 400 ግራም ያህል ግላይኮጅን ይይዛል። የጉበቱ ስንቅ ሌሊቱን ቀስ በቀስ ሲወጣ ያድርና ምግብ ሳይገባ አንድ ቀን ከሞላ ሊያልቅ ይቃረባል። ከዚያ በኋላ ጉበት ከፕሮቲንና ከሌሎች ነገሮች አዲስ ግሉኮስ ወደ መሥራት ያዘነብላል፤ ሰውነትም ስብን እያነደደ ይሰነብታል። በዚህም ምክንያት ጤናማ የሆነ ሰው እስከ 9 ሰዓት ቢጾም ሰውነቱ ለዚህ የተዘጋጀ ስለሆነ አይጎዳም።

ጉበት ስኳር አመንጭ መሆኑን ያረጋገጠው ክሎድ በርናር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው። የወይን አትክልት ከሚያለሙ ገበሬዎች የተወለደ ሰው ነበር። በእርሱ ዘመን ስኳርን የሚሠሩት ዕፅዋት ብቻ ናቸው፣ እንስሳት ያጠፉታል እንጂ አይሠሩትም የሚል እምነት ሰፍኖ ነበር። በርናር በ1855 ከውሻ የወጣ ጉበት በደም ሥሩ በኩል ለ40 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ እያሳለፈ፣ የስኳር ምልክት ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ አጠበው። ከዚያም አስቀምጦት በማግሥቱ ቢመረምረው ጉበቱ እንደገና ስኳር ይዞ አገኘው። ደም በማይዞርበት፣ ምግብ በማይገባበት ጉበት ውስጥ ስኳሩ ከየት መጣ? በውስጡ ከተከማቸ ሌላ ነገር መሆን አለበት። ያንን ነገር በ1857 ለይቶ አወጣውና ግላይኮጅን አለው፤ ትርጉሙም ስኳር አስገኝ ማለት ነው።

ስኳሩ በነጠላው ለምን አይከማችም የሚል ጥያቄ የሚነሣ ይሆናል። በቁርጥራጭ ሎሚ ላይ ስኳር የነሰነሰች እመቤት መልሱን ታውቀዋለች፤ ስኳር ውኃ ይስባል። ጉበት ያን ሁሉ ግሉኮስ በነጠላው ቢያኖረው ሕዋሱ ውኃ እየሳበ ያብጥና ይፈነዳ ነበር። ስለሆነም ሕዋስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ግሉኮሶችን አያይዞ አንዲት ደቃቅ ፍሬ ያደርጋቸዋል። ያን ጊዜ ብዛታቸው እንደ አንድ ይቆጠራልና ውኃ የመሳብ ኃይላቸው እጅግ ይቀንሳል። ፍሬይቱ የተሠራችው እንደ ገመድ በአንድ መስመር ሳይሆን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያወጣች ነው፤ በየ8 እስከ 12 ግሉኮሱ አዲስ ቅርንጫፍ ይበቅላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ስንቁን የሚያወጡት ሠራተኞች የሚቆርጡት ከጫፍ ስለሆነ፣ ጫፉ በበዛ ቁጥር ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። አንድ በር ብቻ ካለው ግምጃ ቤትና መቶ በር ካለው ግምጃ ቤት የትኛው በአስቸኳይ ጊዜ ቶሎ እንደሚያድል ማንም የንብረት ክፍል ባልደረባ ይነግረናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ክብደት ለመቀነስ ምግብ ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ሚዛኑ ፈጥኖ ሲወርድለት ደስ ይለዋል፤ የወረደው ግን በአብዛኛው ይህ ውኃ ነው እንጂ ስቡ ገና ከቦታው አልተነሣም።

ቁልፉ ያለው በጉበት ዘንድ ነው

ስንቁ በሚፈለግበት ጊዜ ፎስፎሪሌስ የሚባል ኢንዛይም ከየቅርንጫፉ ጫፍ ግሉኮሱን አንድ በአንድ ይቆርጣል። ኢንዛይም ማለት በሕዋስ ውስጥ ለአንድ የተወሰነ ሥራ የተመደበ ፕሮቲን ነው። የተቆረጠው ግሉኮስ ግን ፎስፌት የሚባል ምልክት ተለጥፎበት ነው የሚወጣው። ምልክቱ የተለጠፈበት ግሉኮስ ከሕዋሱ ድንበር ማለፍ አይችልም፤ የይለፍ ወረቀት እንደሌለው መንገደኛ በር ላይ ይመለሳል። ጉበት ይህን ምልክት የሚያነሣ ግሉኮስ-6-ፎስፋቴስ የተባለ ኢንዛይም ስላለው ግሉኮሱን ነጻ አድርጎ ወደ ደም ይለቀዋል። ጡንቻ ግን ይህ ኢንዛይም የለውም። ጡንቻ ያከማቸውን ራሱ ያነደዋል እንጂ ወደ ደም መልሶ ለአንጎል ሊያካፍል አይችልም፤ የአንዱ እግር ጡንቻም ለሌላው እግር ስንቅ አያበድርም።

ይህን በዓይን ከሚታይ ማስረጃ ጋር ያቀረቡት ሁለት የስዊድን ሐኪሞች፣ ዮናስ በርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን ናቸው። በ1966 ባወጡት ጽሑፍ የተመረመሩት ሰዎች እነርሱ ራሳቸው ነበሩ። በአንድ ቋሚ ብስክሌት ግራና ቀኝ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በአንድ እግር ብቻ እስኪደክማቸው ድረስ ረገጡ፤ ሌላው እግራቸው አርፎ ነበር። ከዚያ በመርፌ ከየጭናቸው ትንሽ ጡንቻ አስወጥተው ቢመረምሩ የሠራው እግር ስንቁን አሟጦ፣ ያረፈው እግር ግን ሞልቶ ተገኘ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በተከታዮቹ ሦስት ቀናት እንደ ዳቦና ድንች ያለ ምግብ በብዛት ሲመገቡ፣ ባዶ የነበረው እግር ካረፈው እግር እጥፍ ያህል ግላይኮጅን አከማቸ። ሥራ የቀመሰ ጡንቻ ጎተራውን ያሰፋል ማለት ነው።

በዓመቱ፣ በ1967፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ውጤት ለሠራዊት የበለጠ ትርጉም ያለው ነው። ሰዎቹ በአንድ ዓይነት ጉልበት ብስክሌት እንዲረግጡ ሲደረግ፣ ስብና ፕሮቲን ብቻ ሲመገቡ የሰነበቱት አንድ ሰዓት ያህል፣ የተደባለቀ ምግብ የበሉት ሁለት ሰዓት ያህል፣ የእህል ምግብ በብዛት የበሉት ደግሞ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ቆዩ። ልዩነቱን ያመጣው በጡንቻቸው የነበረው የግላይኮጅን መጠን ነበር። የበሶና የቆሎ ስንቅ ያዘጋጁ የነበሩት እናቶቻችን ይህን ጥናት አላነበቡም፤ የሚያዘጋጁት ግን የእህል ስንቅ ነበር።

የማራቶን ሯጮች ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ድንገት ጉልበታቸው የሚከዳቸው ብዙውን ጊዜ የጡንቻቸው አቁማዳ ስለሚራቆት ነው። ስብ ገና ሞልቶ አለ፤ ነገር ግን ስብ ቀስ ብሎ የሚነድ በመሆኑ ያንኑ ፍጥነት አይሸከምም። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲጨርስ የሮጠው በዚሁ የስንቅ ድንበር ላይ ነበር። ሥልጠና የሚያደርገው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ የአቁማዳውን መጠን ያሳድጋል፤ ጡንቻውም ስብን አብልጦ በማንደድ አቁማዳውን እንዲቆጥብ ያስተምረዋል። ከረጅም ጉዞ በኋላም ጡንቻ ስኳርን በፍጥነት የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። በማግሥቱ እንደገና የሚጓዝ ክፍል ካለ የእህል ምግቡ ሳይዘገይ ቢቀርብለት የተሻለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስንቁ ግን በዘፈቀደ አይወጣም፣ በትእዛዝ ነው። ምግብ በተበላ ጊዜ ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን «አከማች» ይላል፤ ረኃብ ሲመጣ ከዚያው ከቆሽት የሚወጣው ግሉካጎን ለጉበት «አውጣ» ይለዋል። ድንጋጤ ወይም ውጊያ በመጣ ጊዜ ከኩላሊት በላይ ካለች ዕጢ የሚረጨው አድሬናሊን ለጉበትም ለጡንቻም አስቸኳይ ትእዛዝ ያስተላልፋል። የሚያስደንቀው የአስተላለፉ ዘዴ ነው። አድሬናሊን ወደ ሕዋሱ አይገባም፤ በር አንኳኩቶ መልእክቱን ለውስጥ መልእክተኛ ይሰጣል፤ ያም መልእክተኛ ሌላውን ይቀሰቅሳል፤ ሌላውም ብዙዎችን፤ በዚህ ዓይነት ከጥቂት ጠብታ የተነሣ ትእዛዝ እልፍ ሠራተኞችን በቅጽበት ያንቀሳቅሳል። ይህን የውስጥ መልእክተኛ ያገኘው አሜሪካዊው ኤርል ሰዘርላንድ በ1971 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ጡንቻ ደግሞ ከዚህ ሌላ የራሱ አቋራጭ አለው። ጡንቻው እንዲኮማተር ምልክት የሚሰጠው ካልሲየም በዚያው ቅጽበት ግላይኮጅን ቆራጩንም ያነቃዋል። «ተኩስ» የሚለው ትእዛዝ ተኳሹንና ጥይት አቀባዩን በአንድ ጊዜ የሚያስነሣ መሆኑን ያስቧል።

ጎተራው ሞልቶ ቤቱ ሲራብ

ጎተራው እየሞላ ቁልፉ የጠፋበት ቤት ምን ይሆናል? ጀርመናዊው ሐኪም ኤድጋር ፎን ጊርከ በ1929 የሞቱ ሕፃናትን አስከሬን ሲመረምር ጉበታቸውና ኩላሊታቸው ከመጠን በላይ አብጦ በግላይኮጅን ተጨናንቆ አገኘው። በሽታው ዛሬም በስሙ ይጠራል። እንዲህ ያለው ሕፃን ሆዱ የተነፋ፣ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ቁመቱ ያጠረ ይሆናል፤ ላየው ሰው በደንብ የሚበላ ይመስላል። ዳሩ ግን ከጡት ወይም ከምግብ ሦስት አራት ሰዓት እንደራቀ የደሙ ስኳር ያሽቆለቁላል፤ ያልበዋል፤ ይዝላል፤ አንዳንድ ጊዜም ይንዘፈዘፋል። እናቲቱ ሌሊት ነቅታ ጡት ስትሰጠው ይሻለዋል፤ እንቅልፍ ከጣላት አደጋው ይመለሳል።

የጠፋው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ የታወቀው በ1952 ነው። ያወቁትም በፕራግ ተወልደው በአሜሪካ የሠሩት ባልና ሚስት ካርልና ገርቲ ኮሪ ናቸው። በበሽታው በሞቱ ሕፃናት ጉበት ውስጥ ያ ምልክት አንሺው ግሉኮስ-6-ፎስፋቴስ እንደሌለ አሳዩ። ይህ የቤተሰብ ዓምድ ስለሆነ ስለ ገርቲ ጥቂት ብንል ቅር የሚለው አንባቢ አይኖርም። ከባሏ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ እየሠራች እርሱ የክፍል ኃላፊ ሲሆን እርሷ ለብዙ ዓመታት በአነስተኛ ደመወዝ ረዳት ሆና ቆይታለች፤ ሙሉ ፕሮፌሰር የተባለችው የኖቤልን ሽልማት በተቀበሉበት በዚያው በ1947 ነው። በሕክምናው ዘርፍ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ነች። የሕፃናቱን ጉበት ስትመረምር እርሷም በማይድን የደም መቅኔ በሽታ ተይዛ ነበር፤ በ1957 አረፈች።

ቁልፉ ቢታወቅም መድኃኒቱ ወዲያው አልተገኘም። በ1976 ሕፃናቱን ሌሊቱን ሙሉ በቀጭን ቱቦ እየመገቡ ማሳደር እንደሚቻል ታየ። በ1984 ደግሞ እጅግ ቀላል የሆነ ዘዴ ተገኘ፤ ያልበሰለ የበቆሎ ስታርች፣ ያ ነጭ ዱቄት፣ በውኃ በጥብጦ ማጠጣት። ቢበስል በፍጥነት ይፈጭና ስኳሩ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ጥሬውን ከሆነ ግን አንጀት ቀስ እያለ ስለሚሰባብረው ለሰዓታት ግሉኮስ ያንጠባጥባል። የጠፋውን የጉበት ቁልፍ አንጀት ተክቶ ይሠራል ማለት ነው። መጠኑንና ሰዓቱን ሐኪም ይወስናል፤ ብዙዎቹ ወላጆች ዛሬም ሌሊት በደወል ሰዓት እየተነሡ ይሰጡታል። ማርና ተራ ስኳር ግን ለእነዚህ ልጆች እንደ መድኃኒት አይቆጠሩም፤ በውስጣቸው ያለው ሌላው የስኳር ዓይነት እዚያው በተቆለፈው በር ስለሚያልፍ የሚበዛው ላክቲክ አሲድ ነው።

ይህ ዓይነቱ በሽታ ተላላፊ አይደለም፤ የእርግማንም ውጤት አይደለም። ጤነኛ የሆኑ አባትና እናት እያንዳንዳቸው አንዳንድ የተበላሸ ቅጂ ይዘው ሲገናኙ፣ ከሚወለዱት ልጆች እያንዳንዱ ከአራት አንድ ዕድል በበሽታው ሊያዝ ይችላል። የተበላሸው ቅጂ በዘመዳሞች ዘንድ በአንድነት የመገኘቱ ዕድል ከፍ ያለ ስለሆነ፣ አባቶቻችን ከጋብቻ በፊት ሰባት ቤት የሚቆጥሩበት ልማድ እንዲህ ያሉትን በሽታዎች የሚያሳንስ መሆኑን ሳንጠቅስ ብናልፍ ንፉግነት ይሆንብናል። ፈጽሞ ይከለክላል ማለት ግን አይደለም።

ሁለተኛው በሽታ ስሙን ያገኘው ከሆላንዳዊው ሐኪም ከፖምፔ ነው። በ1932 ስለ አንዲት የሰባት ወር ሕፃን ጻፈ፤ ልቧ ከመጠን በላይ ተልቆ፣ ጡንቻዎቿ በግላይኮጅን ተሞልተው ነበር። በሕዋስ ውስጥ ያረጀውን ነገር የሚያሟሙ ሊዞዞም የተባሉ ደቃቅ ከረጢቶች አሉ፤ በዚህ በሽታ ወደ ከረጢቶቹ የገባው ግላይኮጅን የሚያሟሟው ኢንዛይም ስለሌለ ይጠራቀማል። ይህን የቤልጂጉ ኤርስ በ1963 ገለጸው፤ የጎደለውን ኢንዛይም በመርፌ የሚተካ መድኃኒት ግን ለገበያ የተፈቀደው በ2006 ነው። ፖምፔ ይህን ለማየት አልበቃም። አገሩ በናዚ ጀርመን በተያዘች ጊዜ ከአርበኞቹ ጎን ተሰልፎ በቤተ ሙከራው የሬዲዮ ማስተላለፊያ ደብቆ ነበር። በየካቲት 1945 ተያዘ፤ የባቡር ድልድይ በመፍረሱ ለበቀል ሲባል ሚያዝያ 15 ቀን 1945 ከሌሎች እስረኞች ጋር በጥይት ተደበደበ። አገሩ ነጻ ልትወጣ የቀሯት ሦስት ሳምንታት ብቻ ነበሩ።

ሰነፍ የተባለው ሰው

ወደ ጡንቻ አቁማዳ እንመለስ። ለሠራዊት ይበልጥ የሚቀርበው በሽታ ይህ ነውና።

በ1951 ብራያን ማክአርድል የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ስለ አንድ የ30 ዓመት ሰው ጻፈ። ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ ጥቂት በሠራ ቁጥር ጡንቻው ያመዋል፣ ይገትራል፣ ይዝላል፤ ሲያርፍ ደህና ይሆናል። ላዩን ሲያዩት ጤነኛ ነው። ማክአርድል የሰውየውን ክንድ አስሮ ደም እንዳያልፍ ካደረገ በኋላ እጁን እንዲያሠራ አዘዘው። በጤነኛ ሰው ዘንድ እንዲህ ሲደረግ ጡንቻው ኦክስጅን አጥቶ ግላይኮጅኑን ስለሚያፈርስ በደሙ ውስጥ ላክቲክ አሲድ ይጨምራል። በዚህ ሰው ደም ውስጥ ግን አልጨመረም። አቁማዳው ሙሉ ነው፤ አፉ ግን አይፈታም። በ1959 ሌሎች ተመራማሪዎች የጎደለው ኢንዛይም የጡንቻ ፎስፎሪሌስ መሆኑን አረጋገጡ።

በጦር አካዳሚ ሳለን፣ በረጅም ጉዞ ልምምድ ጊዜ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ለሚቀረው ዕጩ መኮንን ምን ዓይነት ስም ይወጣለት እንደነበረ እናስታውሳለን። እርግጥ ነው፣ ከሚቀሩት መካከል ሥልጠና የጎደላቸው ብዙ ናቸው፤ ዘዴኛም አይጠፋም። የማክአርድል በሽታም ብርቅ ነው፤ የሚገኘው ከመቶ ሺህ ሰዎች በአንዱ ገደማ ነው። ሆኖም በዓለም ዙሪያ በዚህ በሽታ የተያዙ ሰዎች ታሪክ ሲነበብ በተደጋጋሚ የሚገኘው ቃል አንድ ነው፤ በትምህርት ቤት፣ በስፖርት ሜዳ፣ አንዳንዴም በሐኪም ፊት ሰነፍ ተብለዋል። ብዙዎቹ የበሽታቸውን ስም የሰሙት አሥርና ሃያ ዓመት ቆይተው ነው። በእኛ አስተያየት አንድ አዛዥ ወይም የፖለቲካ ሠራተኛ የአንድን ወታደር ፈቃደኝነት ከመመርመሩ በፊት ጡንቻውን ማስመርመር ግዴታው ነው፤ በፈቃድ የማይፈታ ቋጠሮ በተግሣጽ አይፈታምና።

ምልክቶቹ እነዚህን ይመስላሉ። ሕመሙ የሚጀምረው ሥራው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ በተለይ በሩጫ መነሻ፣ ከባድ ነገር በማንሣት፣ በዳገት። የደከመው ሌላው ወታደር እየቆየ ይደክማል፤ ይህኛው ግን በመጀመሪያ ይደክምና ጥቂት ዝግ ካለ ወይም ካረፈ በኋላ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ሲሆነው፣ እንደገና ይበረታል። ምክንያቱ በዚያ ጊዜ ከጉበት የሚመጣው ግሉኮስና ስብ በደም አማካይነት ወደ ጡንቻው ስለሚደርስ ነው። ይህን የማያውቅ ተመልካች «መጀመሪያ አልችልም አለ፤ አሁን እንዴት ቻለ?» ብሎ እንደ ማስረጃ ይይዝበታል። እውነቱ ግን በተቃራኒው ነው፤ የኋለኛው ብርታት ራሱ ከበሽታው ምልክቶች አንዱ ነው። በ2003 የወጣ ጥናት ደግሞ እነዚህ ሕሙማን ከእንቅስቃሴ በፊት ስኳር በጥብጠው ቢጠጡ የመጀመሪያው ድካም እንደሚቀልላቸው አሳይቷል። የታሰረውን አቁማዳ ትተው ከደም እንዲመገቡ ማድረግ ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው በግዴታ እስከ መጨረሻው ቢያስሮጡት ጡንቻው ይፈርሳል፤ ከፈረሰው ጡንቻ የሚወጣው ቀይ ቀለም ከሽንት ጋር ወጥቶ ሽንቱን እንደ ኮካ ኮላ ያጠቁረዋል፤ ኩላሊቱም ሊዘጋ ይችላል። የሽንት መጥቆር በጤነኛ ምልምል ላይም ያልለመደውን ከባድ ልምምድ በሙቀትና በውኃ ጥም ውስጥ ሲሠራ ሊደርስ ይችላል። በሁለቱም ዘንድ እስኪነጋ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት።

ለቤት የሚሆን

እስካሁን የጠቀስናቸው በሽታዎች በቁጥር ጥቂት ናቸው። በብዙ ቤት ያለው የስኳር በሽታ ነው፤ እርሱም ከዚሁ ስንቅ ጋር የተያያዘ ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ሕዋሳት አልሰማ ሲሉት ጉበት «አከማች» የሚለው ትእዛዝ ስለማይደርሰው፣ ደሙ በስኳር ተጥለቅልቆ ሳለ እንኳ ማውጣቱን ይቀጥላል። ጠዋት ሳይበሉ የሚለካው ስኳር ከፍ ብሎ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በሌላው ጽንፍ ያለውንም አደጋ መጠንቀቅ አለበት። መርፌውን ወስዶ ምግብ ካሳለፈ ወይም ከባድ ሥራ ከሠራ የደሙ ስኳር ከሚገባው በታች ይወርዳል። ያልበዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ ይመታል፤ ከዚያ ንግግሩ ይዘበራረቃል፤ ያለ ምክንያት ይቆጣል። የሰከረ ሊመስል ይችላል። ንቃት ካለውና መዋጥ ከቻለ ወዲያው ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ፣ ወይም ማር፣ ወይም ለስላሳ መጠጥ መስጠት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው መድገም፤ ሲሻለው ደግሞ ዳቦ ወይም እንጀራ እንዲበላ ማድረግ ያስፈልጋል። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ ትን ብሎት ይሞታልና። በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። መጾም የሚሻ የስኳር ሕመምተኛም ጾሙ ከመግባቱ በፊት መድኃኒቱን በሚመለከት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ራሱን ለሳተው ሰው ሐኪም ቤት ከሚሰጡት መካከል አንዱ የግሉካጎን መርፌ ነው፤ ጉበቱን «ያለህን አውጣ» የሚል አስቸኳይ ትእዛዝ መሆኑ ነው። ሆኖም ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ውሎ በባዶ ሆዱ አረቄ ጠጥቶ ከሆነ መርፌው ላይሠራ ይችላል። በጉበቱ የነበረው ግላይኮጅን በረኃቡ አልቋል፤ አልኮሉ ደግሞ ጉበት አዲስ ግሉኮስ እንዳይሠራ ይከለክለዋል። ትእዛዙ ደርሶ ጎተራው ባዶ ነው። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ ስለሆነ፣ ታማሚውን ያመጣው ቤተሰብ ሰውየው መቼ እንደበላና ምን እንደጠጣ ሳይደብቅ ለሐኪሙ መንገር አለበት።